ከንጉሡ በስተግራ የቆመው ሰው

እዚህ አሜሪካ ዴይ ኬር የምንለው የአዛውንቶች መዋያ ውስጥ ጠዋት ስንገባ የምንፈርምበት ወረቀት አለ። ስማችን የሚጻፈው ቫኑ በሚለቅመን ተራ ስለሆነ ከእኔ ስም በታች ሁልጊዜ የጋሽ ደርበው ስም ይመጣል። ሆስፒታል ከገቡ በኋላም ሦስት ሳምንት ሙሉ ስማቸው አልተነሣም ነበር፤ ከጎኑ ያለውን ባዶ ቦታ እያየሁ ፈርሜ እገባ ነበር። በአራተኛው ሳምንት ሰኞ ጠዋት ወረቀቱን ስቀበል ከእኔ በታች የማላውቃት ሴት ስም ወጥቷል።

«ጋሽ ደርበውስ?» አልኳት ወረቀቱን የያዘችውን ልጅ።

«ውይ እማማ… አልሰሙም እንዴ? ልጃቸው ቅዳሜ ኮል አድርጋ ነበር።»

አልሰማሁም ነበር። ፈርሜ ገባሁ። ሻይ ሰጡኝ፣ ጠጣሁ። ነርሷ የደም ግፊቴን ለካችና ትንሽ ከፍ ብሏል አለችኝ።

ጋሽ ደርበው ተዋናይ ነበሩ። ይህን ስል የሚያነብ ሰው ስማቸውን ለማስታወስ እንዳይደክም፤ አይገኝም። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ትያትር ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተው አንድም ጊዜ ዋና ተዋናይ ሆነው አያውቁም። በር ከፋች፣ ጋሻ ያዥ፣ የዳኛ ጸሐፊ፣ ሦስተኛው ገበሬ ሆነዋል። ብዙ ጊዜም ሬሳ ሆነዋል። በጃንሆይ ጊዜ አሽከር ነበሩ፤ ደርግ ሲመጣ ወዛደር ሆኑ። «ልብሱ ተቀየረ እንጂ የምቆምበት ቦታ ያው ነው» ይሉ ነበር። በየማስታወቂያው ላይ የዋናዎቹ ስም በትልልቁ ይጻፍና መጨረሻው ላይ «እና ሌሎችም» ይባላል። «ሌሎችም ማለት እኔ ነኝ» ይሉና ይስቃሉ። መጀመሪያ ሰሞን የእውነት ይስቁ ነበር።

ፎቶግራፍ አልነበራቸውም። አንድ ከጋዜጣ የተቆረጠ ወረቀት በፕላስቲክ አድርገው ኪሳቸው ይይዙ ነበር። መሀል ላይ ንጉሥ የሆነው ዋናው ተዋናይ ተቀምጧል፤ በስተግራው፣ ፎቶው በሚያልቅበት ጠርዝ ላይ፣ ነጭ እጅጌ ይታያል። «ይሄ እኔ ነኝ» አሉ ሲያሳዩኝ። ልጃቸው ሂሩት አጠገባችን ነበረች። «አባዬ፣ ይሄ የማንም ክንድ ሊሆን ይችላል እኮ» አለች። ክፋት አልነበራትም። አዲሰን ከምትሠራበት ሆቴል አሥር ሰዓት ሙሉ ቆማ ውላ መግባቷ ነበር። እሳቸውም ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው መለሱት።

የተዋወቅነው ምሳ ላይ ነው። ቪከሪ ሜዶ በሚባለው ሰፈራችን፣ ከእኛ ሕንፃ ማዶ፣ ከልጃቸው ጋር ከገቡ ሳምንት አልሞላቸውም። አጭር፣ ቀጭን፣ አንገታቸው ወደ አንድ ወገን ትንሽ ያዘነበለ ሰው ናቸው። ከፊቴ ተቀመጡና የት እንዳደግሁ፣ የት እንደተማርኩ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው።

«ትያትር አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አንድ ጊዜ።»

«አንድ ጊዜ ብቻ?»

«አሥራ አንደኛ ክፍል ሆነን ትምህርት ቤታችን ወስዶን። ከዚያ በኋላ አልገጠመኝም።»

«ምን ነበር ያየሽው?»

«ስሙን ረስቼዋለሁ። አንድ ንጉሥ አለ። ልጁ ጦር ሜዳ ይሞትበትና መርዶ ያመጡለታል።»

ሹካቸውን አስቀመጡ።

«ማን ነው ያመጣለት?»

«ሰው ነዋ።»

«ሰውዬው ምን ይመስል ነበር?»

«እኔ እንጃ። ንጉሡ ትዝ ይለኛል። ካባው ቀይ ነበር። አለቀሰ።»

«ሰውዬው እኔ ነኝ» አሉ።

ቀልድ መስሎኝ ነበር። ዓመቱን፣ ወሩን፣ የትምህርት ቤቴን ዩኒፎርም ቀለም ሳይቀር ጠየቁኝ። የተማሪዎች ትርኢት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንደነበር እሳቸው ነገሩኝ፤ ልክ ነበሩ። ያ ትያትር ሁለት ዓመት ታይቷል፤ መልእክተኛውን ከእሳቸው በቀር የሠራው የለም፤ አንድ ቀን እንኳ ታመው አልቀሩም። ስለዚህ አይቻቸዋለሁ። በዚህ ነገር ጥርጣሬ የለም። እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ እሳቸው ፊት ለፊቴ ቆመው ነበር።

«እና ትዝ አልልሽም?»

«አይሉኝም» አልኩ።

እኔ ሰው ደስ ይበለው ብዬ የሌለውን አለ ማለት አይሆንልኝም። ጥሩ ጠባይ ነው እያልኩ አይደለም። እንደዚያ ነኝ።

ያኔ እሳቸው አንድ ስህተት ሠሩ። ስህተት መሆኑን ሁለታችንም ያወቅነው በጣም ቆይተን ነው። ከወንበራቸው ተነሥተው፣ ያ ሁሉ የየአገሩ ሽማግሌ ሾርባውን እየጠጣ፣ ያንን የመልእክተኛውን ክፍል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሠርተው አሳዩኝ። ከዚህ በኩል እንዲህ ሆኜ እገባለሁ። ሰባት እርምጃ። እዚህ ጋ እንበረከካለሁ። ድምፄ እንዲህ ነው። «ንጉሥ ሆይ፣ ከወንዙ ማዶ ነው የመጣሁት። ውጊያው አልቋል። ልጅዎ አልተመለሰም። ፈረሱን አምጥቻለሁ።» አራት ዓረፍተ ነገር ነው። ከዚያ ተነሥቼ ከንጉሡ በስተግራ ሁለት ክንድ ርቄ እቆማለሁ። መጋረጃው እስኪዘጋ እዚያው ነኝ።

«ምን ያህል ጊዜ ይቆማሉ?»

«ሃያ ደቂቃ።»

«ምን እየሠሩ?»

ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቋቸው እንደማያውቅ ከፊታቸው አየሁ።

«እሰማለሁ» አሉ። «ንጉሡ ያለቅሳል፣ ይራገማል፣ እግዜርን ይጠይቃል። እኔ እሰማለሁ። ዝም ብሎ መቆም እንዳይመስልሽ። ሕዝቡ ወደ እኔ ካየ ጥፋት ነው፤ ንጉሡን ሰረቅሁት ማለት ነው። ካልሰማሁ ደግሞ እሱ ለግድግዳ ያወራ ይመስላል። ሲተነፍስ አብሬው እተነፍሳለሁ። እሱ ድምፁን ሊያነሣ ሲል እኔ ቀደም ብዬ ትከሻዬን ዝቅ አደርጋለሁ። ማንም አያየውም። ግን ያንን ባላደርግ ልቅሶው አይመጣም።»

ይህ ትዕቢት ይመስለኝ ነበር፤ ኋላ ሲሠሩት እስካይ ድረስ። ዴይ ኬር ውስጥ ከማንም ጋር የማትነጋገር አንዲት የቬትናም ሴት አለች። ጋሽ ደርበው አጠገቧ ተቀመጡ። አንድ ቀን በራሷ ቋንቋ አንድ ነገር አለቻቸው። አንገታቸውን እንደዚያ ዘንበል አድርገው ሰሟት። አንድ ቃል አልገባቸውም። ሴትየዋ ግን ቀጠለች፤ ድምፅዋ ከፍ አለ፣ እጇን ማንቀሳቀስ ጀመረች፣ ሳቀች፣ በመጨረሻም አለቀሰች። አንድ ሰዓት ያህል ይሆናል። ሠራተኞቹ ቆመው ያዩ ነበር።

«ምን አለችዎት?» አልኳቸው ቫን ውስጥ።

«እኔ ምን አውቄ። ትልቅ ነገር ነው ግን።»

ጠላት አልነበራቸውም፤ የሚነካካቸው ሰው ግን አልጠፋም። አቶ ፈለቀ የሚባሉ የቀድሞ የባንክ ሠራተኛ አሉ፤ ዶሚኖ ያልተጫወቱ ቀን የሚሠሩትን ያጣሉ።

«ደርበው፣ እስቲ ዛሬ ምን ሆነህ ታሳየናለህ? ወንበር?»

«ወንበርማ ከባድ ነው። ልምምድ ይፈልጋል።»

«እንግዲያው ሬሳ ሁን። እሱን አትቸገርም፤ ቀርበሃል።»

ሬሳ መሆን ሙያ እንደሆነ ጋሽ ደርበው አስረድተውናል። ያስተማራቸው ሽበሺ የሚባል ባልደረባቸው ነው፤ እሱም እንደሳቸው ትንንሽ ክፍል የሚሠራ፣ በደርግ ጊዜ ታስሮ እዚያው የቀረ። ትንፋሽን ከደረት ወደ ሆድ፣ ከሆድ ተመልካች ወደማያየው ጎን መውሰድ አለ። ዓይን ከመከደን ይልቅ በጥቂቱ መተው ይሻላል፤ የተከደነ ዓይን ይርገበገባል። እንግዲህ ያን ዕለት ሶፋው ላይ ጋደም አሉ። አቶ ፈለቀ ሰዓታቸውን አወጡ። እኛም ማየት ጀመርን። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ። አቶ ፈለቀ ፈገግታቸው እየጠፋ ሄደ። «ደርበው፣ በቃ ይሁን» አሉ። መልስ የለም። በሦስተኛው ደቂቃ አዲሷ ነርስ በዚያ ስታልፍ አየቻቸው። ጩኸቷ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ወለል ላይ አውርዳ ደረታቸውን ልትጫን እጇን ስታነሣ «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ትያትር ነው» አሏት በአማርኛ። አምቡላንሱ ግን ተጠርቶ ነበር፤ መጣ። ሥራ አስኪያጇ ሁለተኛ አይደገምም የሚል ወረቀት አስፈረመቻቸው።

ሁለት ቀን ሙሉ ደስተኛ ነበሩ። «አየሽ? አመነች!» ይሉኝ ነበር።

ይህን ሁሉ የምጽፈው የሚያስቁ ሰው እንደነበሩ እንዲታወቅ ነው። ውስጣቸው ግን አንድ ነገር ነበር፤ እኔ ዘግይቼ የገባኝ። አብረዋቸው የሠሩት ከአንድ በቀር አልቀዋል። ሚስታቸው የሞቱት አገር ቤት ነው፤ እሳቸውም ቢሆኑ ባላቸው ሲሠሩ አይተዋቸው አያውቁም፤ ትያትር ቤት ከሚሄድ ቤተሰብ አልነበሩም። ሂሩት ስትወለድ ጋሽ ደርበው መድረኩን ሊለቁ ጥቂት ነበር የቀራቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት በየሳምንቱ በስንት ሰው ፊት ቆመው፣ አየሁህ የሚል አንድ ሰው የላቸውም።

«ዝና አይደለም የምፈልገው» አሉኝ አንድ ጊዜ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠን። «አንድ ሰው ይበቃኛል። አየሁህ ካለኝ፣ ነበርኩ ማለት ነው። አለዚያ እኔ ራሴ ያወራሁት ነገር ነው የሚሆነው።»

አብረዋቸው ከሠሩት የቀሩት አንድ ሰው ናቸው፤ ንጉሡ። ያኔ ቀይ ካባ የለበሱት ዋናው ተዋናይ በሕይወት አሉ። ስማቸውን አልጽፍም፤ ጋሽ ደርበውም ንጉሡ እያሉ ነበር የሚጠሯቸው። ባለፈው መስከረም ልጆቻቸውን ሊጠይቁ አሜሪካ መጡና እዚህ ያለው ሕዝባችን አጠገባችን ባለችው በአርሊንግተን ከተማ አንድ አዳራሽ ተከራይቶ የክብር ዝግጅት አደረገላቸው።

ጋሽ ደርበው ወሬውን ከሰሙ ጀምሮ ሌላ ሰው ሆኑ። ሱፋቸውን አስተኮሱ። ምን እንደሚናገሩ አላሰቡም፤ የት እንደሚቆሙ ነበር የሚያስቡት። «ካስታወሱኝ ሌላ አልፈልግም» አሉኝ። «ሃያ ደቂቃ በየትርኢቱ አጠገባቸው ተንፍሻለሁ። ሰው አጠገቡ የተነፈሰውን አይረሳም።»

አርሊንግተን ባቡር ስለሌለ ሂሩት የሥራ ተራዋን ቀይራ ወሰደችን። መንገዱን በሙሉ ወደ መስኮቱ ሲያዩ ነበር። ስንደርስ «እናንተ ግቡ፣ እኔ ፓርክ ላድርግ» አለችን። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥን።

ንጉሡን ሁለት ሰዎች ደግፈው አስገቧቸው። ዘጠና ዓመት ይሆናቸዋል። ንግግር ተደረገ፣ አበባ ተሰጠ። ከዚያ የመድረኩ መሪ «አንድ ሰርፕራይዝ አለን» አለ። «በዚያ ዘመን ከእርስዎ ጋር የሠሩ ባልደረባዎ ዛሬ መሀላችን አሉ።» ጋሽ ደርበው ተነሡ። የሱፋቸውን ቁልፍ ቆለፉ። ደረጃውን ማንም ሳይደግፋቸው ወጡና ከንጉሡ ወንበር በስተግራ፣ ሁለት ክንድ ርቀው ቆሙ። ደህና አድርጌ አየሁ፤ ሁለት ክንድ ነው።

ንጉሡ አንገታቸውን አዙረው አዩዋቸው። ረጅም ጊዜ አዩዋቸው።

«ሽበሺ!» አሉ ንጉሡ። «አንተ ሽበሺ! ሞተ ብለውኝ አልነበረም እንዴ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ አጨበጨበ። እኔ የጋሽ ደርበውን ትከሻ ነበር የማየው። ትንሽ ዝቅ አለ።

«አለሁ ጋሼ» አሉ። «ሽበሺ ነኝ። አለሁ።»

ንጉሡ እጃቸውን ይዘው አለቀሱ። ከዚያ ያወሩ ጀመር፤ ሽበሺ አንድ ቀን ምን እንዳደረገ፣ ጎንደር ለትርኢት ሲሄዱ መኪና ተበላሽቶባቸው ሽበሺ እንዴት እንዳሳቃቸው። መጀመሪያ ላይ ይንተባተቡ ነበር። ጋሽ ደርበው ግን አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ይሰሟቸዋል፤ የንጉሡ ድምፅ እየጠራ፣ እየጎላ ሲሄድ፣ ወገባቸው ሲቃና፣ በመጨረሻ ከወንበራቸው ሲነሡ አየን። ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነሥቶ አጨበጨበ። ዓይኑ ሁሉ ንጉሡ ላይ ነበር። እንደሚገባው።

መኪና ውስጥ ሂሩት ናት ቀድማ የተናገረችው።

«አባዬ፣ ሽበሺ ማነው?»

«ጓደኛዬ ነው።»

«ሶ ለምን አላረምከውም? ደርበው ነኝ አትልም?»

«መድረክ ላይ ባልደረባህ ሲሳሳት አታርመውም። ተቀብለህ ትቀጥላለህ።»

«አባዬ፣ መድረክ አልነበረም እኮ። ኪራይ አዳራሽ ነው።»

ቪከሪ ሜዶ ስንደርስ ሂሩት እኔን ልታወርድ አቆመች። እሳቸውም አብረውኝ ወርደው እስከ በሬ ሸኙኝ።

«ሽማግሌ ናቸው» አሉኝ። «በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ተሳስተዋል ልበል?»

«አይበሉም።»

«ሽበሺም ደስ ይለው ነበር። አለሁ ያለለት የለም።» የሱፋቸውን ቁልፍ ፈቱ። «እንግዲህ አንቺ ብቻ ቀረሽ» አሉኝ።

የዝግጅቱ ፎቶ በማግስቱ ፌስቡክ ላይ ወጣ፤ ከሥሩ የንጉሡ ስምና «ከአንጋፋው ሽበሺ ጋር» የሚል ተጽፏል። ፊታቸው በደንብ የሚታይበት፣ መድረክ ላይ የተነሡት ብቸኛ ፎቶ ያ ነው። አቶ ፈለቀ «ሽበሺ» እያሉ ይጠሯቸው ጀመር፤ ለቀልድ ነው፤ እሳቸውም አቤት ይላሉ። እኔ አልወደድኩትም። አንድ ቀን «አቶ ፈለቀ፣ ይበቃል» አልኩ። እኔ ድምፄን ስለማላነሣ ሁሉም ዞር ብለው አዩኝ። ከዚያ በኋላ ተዉት።

ጋሽ ደርበው ግን ወሬ ቀነሱ። ተነሥተው ማሳየትም ቀረ። ከአንድ ጥያቄ በቀር ስለ ትያትር አያነሡም። ጠዋት ቫን ውስጥ ይገቡና «ዛሬስ?» ይሉኛል፤ ትዝ አልኩሽ ወይ ማለታቸው ነው። «የለም» እላለሁ። ይቀመጣሉ።

ይህን ጥያቄ ከዚያ ዕለት ጀምሮ ስንት ጊዜ እንደጠየቁኝ አላውቅም። እኔ ደግሞ ችላ አልኩት ለማለት አይቻልም። ዓይኔን ጨፍኜ ያንን አዳራሽ እፈልጋለሁ። የወንበሩ ጨርቅ ትዝ ይለኛል። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ጠጉሯን በአዲስ ሹሩባ ተሠርታ እንደነበር ትዝ ይለኛል። ንጉሡ በደንብ ይታየኛል። በግራው ግን እሳቸው ምሳ ላይ ያሳዩኝን ነው የማገኘው፤ ያንን ያረጀ ሰው፣ የዴይ ኬሩን ምንጣፍ፣ ሾርባውን። ሰባት እርምጃውን አውቀዋለሁ፤ አራቱን ዓረፍተ ነገር በቃሌ እወጣዋለሁ። ያየሁት ግን አይደለም። የተነገረኝ ነው።

ሳንባቸውን ታመው ሆስፒታል የገቡት ከገና በኋላ ነው። ልጄ ወስዶኝ ሁለት ጊዜ ጠየቅኋቸው። በሁለተኛው ጊዜ ሂሩት ከሐኪሙ ጋር ልትነጋገር ወጣች፤ ብቻችንን ቀረን። እዚያ አልጋ ላይ በጣም አንሰው ነበር።

«አሴ» አሉኝ። እንደዚያ ጠርተውኝ አያውቁም፤ አሰለፈች ነው የሚሉኝ። «ዛሬስ?»

እውነቱን ልናገር። በዚያ ሰዓት ልዋሽ አስቤ ነበር። መንገድ ላይ ስመጣ አዘጋጅቼዋለሁ፤ አዎ፣ ትዝ አሉኝ፣ ሲንበረከኩ ትዝ አሉኝ ልል ነበር። አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሡ።

«የነገርኩሽን አትመልሺልኝ» አሉ። «ያየሽውን ነው የምፈልገው።»

ያዘጋጀሁትን ተውኩት።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ፤ ትንፋሻቸው ያጥራቸዋል። «ያን ቀን ምሳ ላይ አፌን ብይዝ ኖሮ። ምንም ሳልነግርሽ ጠይቄ ዝም ብል፣ ቀስ ብሎ ይመጣ ነበር። እኔ ግን ተነሥቼ ሠራሁት። ያየችኝ አንድ ሰው ብትገኝ፣ በላይዋ ላይ ሠራሁባት። አሁን እንኳ ትዝ ቢልሽ፣ የትኛው እንደሆነ በምን ታውቂያለሽ? እኔስ በምን አውቃለሁ?»

«ጋሽ ደርበው፣ አሁን ይረፉ።»

«ተይው በቃ። ከእንግዲህ አትፈልጊ።»

ሂሩት ተመለሰች። ሌላ ነገር አልተነጋገርንም። ስወጣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነበር። ከዚያ በዘጠነኛው ቀን ነው ያረፉት።

ቀብራቸው ላይ ከሃያ የማይበልጥ ሰው ነበር። እዚህ ያለው የሕዝባችን ማኅበር ሰዎች ስለ ሕይወታቸው አንድ ገጽ አዘጋጅተው ለሁላችንም አደሉ። ከላይ ያ የአርሊንግተኑ ፎቶ አለ። ከሥሩ «በመድረክ ስማቸው ሽበሺ በመባል የሚታወቁት አንጋፋው ተዋናይ» ይላል። የጻፈው ሰው ሁለቱን ስም ለማስታረቅ የመሰለውን ነው ያደረገው። ሂሩትን አየኋት፤ ወረቀቱን በእጇ ይዛ ነበር፤ አንብባው እንደሆነ አላውቅም። ዓይኗ አብጧል። እዚያ ቆሜ የማርመው ነገር አይደለም። ካህኑ ሲጸልዩ ግን ወልደ ሚካኤል ብለው በክርስትና ስማቸው ነው የጠሯቸው።

ከሠላሳው በኋላ ሂሩት ቤቴ መጣች። የአባቷን መድኃኒቶች የት እንደሚመለሱ ልትጠይቀኝ ነበር የመጣችው። ተቀምጣ ቆየችና፣

«እትዬ፣ እውነት ግን አባዬ ይሠራ ነበር?» አለችኝ። «ማለቴ… መድረክ ላይ ይወጣ ነበር? ልጆቼ ይጠይቁኛል። እኔ አይቼው አላውቅም። ፎቶ የለ፣ ምን የለ። እርስዎ አይቼዋለሁ ብለዋል አሉ።»

«አይቻቸዋለሁ።»

«ምን ይመስል ነበር?»

ዓይኔን ወደ መስኮቱ መለስኩ።

«ኦኬ» አለች፤ ከንፈሯን ነክሳ። «ኦኬ፣ ችግር የለውም።» ቦርሳዋን አነሣች።

ይህ ከሆነ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ቀን ነው፣ የሕንፃችን የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ አንሶላ እያጠፍኩ ነበር። ስለ እሳቸውም አላስብም ነበር። አንድ ነገር መጣብኝ።

ንጉሡ ያለቅሳል። ዙሪያውን ያሉት ሁሉ መሬት ላይ ወድቀው ያለቅሳሉ። መርዶውን ያመጣው ሰው ግን እዚያው ቆሟል፤ ቁጭ በልም ሂድም ያለው የለም። ከወንዝ ማዶ ድረስ ሮጦ መጥቷል፤ ከንፈሩ ደርቋል። አንድ ጊዜ ምላሱን ከንፈሩ ላይ ያሳልፋል፤ ሰው እንዳያየው ቶሎ። እኔ የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ ሆኜ ወንበሬ ላይ እቁነጠነጣለሁ። ንጉሡን መስማት ትቻለሁ። ለዚህ ሰውዬ ማነው ውኃ የሚሰጠው እያልኩ ነው። ጓደኛዬን በክርኔ ነካ አድርጌ «ውኃ አይሰጡትም እንዴ?» እላታለሁ። እሷም «ዝም በይ» ትለኛለች።

አንሶላውን ይዤ ቆምኩ።

ስለ ውኃ ጥም ጋሽ ደርበው አንድም ቀን ነግረውኝ አያውቁም። ይህን አስቤ አስቤ ጨርሼዋለሁ፤ እርምጃውን ነግረውኛል፣ ትከሻቸውን ነግረውኛል፣ ትንፋሻቸውን ነግረውኛል። ምላስና ከንፈር አልነገሩኝም። ተመልካች እንዲያይባቸው የሚፈልጉት ነገር አይደለምና፣ ቢያደርጉትም ጥፋት ነው ብለው ደብቀውት ይሆናል። ወይም አላደረጉት ይሆናል። ሆስፒታል ሳያቸው ከንፈራቸው ደርቆ ነበር፤ ነርሷ በእርጥብ ነገር ስታረጥብላቸው አይቻለሁ፤ ከዚያ ወስጄው እንደሆነስ? ጓደኛዬ ከሞተች ብዙ ዓመቷ ነው። ንጉሡ አገራቸው ተመለሱ፤ እሳቸውስ ቢሆኑ ከጎናቸው የቆመውን መቼ አዩ?

የሚያውቁት ጋሽ ደርበው ብቻ ናቸው። አንድ ጥያቄ ነው የምጠይቃቸው፤ ጠምቶዎት ነበር ወይ? አዎ ካሉኝ አይቻቸዋለሁ።

የማድረቂያው ሰዓት አልቆ ጮኸ። አንዲት ሴት ቅርጫቷን ይዛ ከኋላዬ ቆማ ተራዋን ትጠብቅ ነበር፤ ልብሴን አወጣሁላት።